የመኪና የቆዳ ወንበር ቀለም አጠጋገን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ መኪና የውስጥ ልብስ በጠቅላላው ብናገር ይሻላል የሚል ሐሳብ ቀርቦልኝ ነበር። እኔ ግን ጠባቡን ርእስ መረጥሁ። በየጋራዡ በር ላይ ዘወትር የሚቆመው፣ ዘወትርም ያለ አግባብ ሲሠራ የሚታየው ይኸው ጠባቡ ስለ ሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው በሥራ ላይ ነው፤ ሞተሩ ደኅና ነው፤ ላሜራውም አልተነካም። ነገር ግን የነጂው ወንበር በግራ በኩል፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ በሚታከክበት ጠርዝ ላይ፣ ቀለሙ ተገፎ ነጣ ወይም ገርጣ ብሎ ይታያል። ባለመኪናው ይህን ባየ ጊዜ «ቆዳው አለቀ» ይላል። ባለሙያውም ጎንበስ ብሎ ሳይመረምር «አዎን፣ አልቋል» ብሎ ይመልስለታል። ከዚህ በኋላ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይከተላል። ወይ ቆዳው ከነስፌቱ ተገሽልጦ በምትኩ ስንቴቲክ ይለበሳል፤ ወይም ደግሞ የጫማ ቀለም ይቀባና ለጊዜው ጥቁር መስሎ ይሄዳል።

ዛሬ በፊታችሁ ለማስረዳት የምሞክረው ከመቶ ወንበር በአብዛኛው ላይ ያለቀው ቆዳው እንዳልሆነ ነው። ያለቀው ከቆዳው ፊት ላይ ያለው እጅግ ስስ የሆነ የቀለም ልባስ ነው። ልባሱ ደግሞ ባለቀበት ስፍራ ብቻ፣ ባለቀው መጠን ብቻ ሊተካ ይችላል። ይህን ማወቅ ለባለመኪናው ገንዘብ ነው፤ ለእኛ እንጀራ ነው፤ ኋላ እንደምገልጸው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያሳስብበትም ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ አስመጥቶ መግዛትን እጅግ አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለው የነዳጅ መኪና ከሠሪው አሳብ በላይ ረጅም ዕድሜ እንዲያገለግል የተፈረደበት ነው። ሞተሩን የሚያድስ፣ ላሜራውን የሚያቀና ባትላሜራ፣ ጎማውን የሚጠግን ጎሚስታ አለው። ወንበሩን ግን የሚያድስለት ጥቂት ነው፤ የሚቀይርለት እንጂ።

እንግዲህ ወደ ቆዳው ልግባ።

የመኪና ወንበር ቆዳ የከብት ቆዳ ሲሆን ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኮላጅን ከሚባል የእንስሳ ፕሮቲን የተሠሩ ክሮች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ያበጁት ነው። ጠጉር በበቀለበት በላይኛው ወገን ክሮቹ ቀጫጭንና የተቀራረቡ ናቸው፤ ይህንን የቆዳው ፊት እንለዋለን። ከበታቹ ያሉት ወፈር ያሉ ናቸው፤ የቆዳው ጥንካሬ ያለውም በእነርሱ ውስጥ ነው። ጥሬው ቆዳ እንዳይበሰብስ ይለፋል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በፋብሪካ የሚለፋው ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። ኦገስተስ ሹልትዝ በ1884 እ.ኤ.አ.፣ ማርቲን ዴኒስም በ1893 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያስመዘገቧቸው ፈጠራዎች ለዚህ በር ከፍተዋል። በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ደግሞ የመኪና ቆዳ አምራቾች ያለ ክሮም በግሉታራልዴሃይድ ወደ ማልፋት እየተመለሱ ናቸው። ይህ ለእኛ ሥራ ብዙ ለውጥ ስለማያመጣ አልቆይበትም።

ዋናው ቁም ነገር ቆዳው ከለፋ በኋላ የሚደረግለት ነው። በመጀመሪያ መላው ቆዳ በማቅለሚያ ተነክሮ ይቀልማል። ቀጥሎ ፊቱ ላይ ሦስት ዓይነት ስስ ልባስ ይደረብለታል። የመጀመሪያው ቆዳውን የሚያሽገውና ለሚከተለው መያዣ የሚሆነው ነው። ሁለተኛው ቀለሙን የተሸከመው ሲሆን፣ ፒግመንት የሚባለው የቀለም ዱቄት በአክሪሊክና በፖሊዩሬቴን ሙጫ ውስጥ ተበጥብጦ የተሠራ ነው። ሦስተኛው ቀለም የሌለው፣ መታከክን የሚችለው የላይ ሽፋን ነው። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ምን ያህል ስስ እንደ ሆኑ ለመገመት አንድ ነገር ልጥቀስ። በአውሮፓ በወጣው የስያሜ ደንብ መሠረት ልባሱ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ዕቃው በተራ «ቆዳ» ስም ሊሸጥ አይፈቀድም፤ «ልባስ የተደረገለት ቆዳ» መባል አለበት። የመኪና ቆዳ ልባስ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እኛ «የወንበሩ ቀለም» ብለን የምንጠራውና ባለመኪናውን የሚያስጨንቀው ነገር ሁሉ በአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ውስጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። እኛ ኢትዮጵያውያን ከቆዳ ጋር የኖርን ሕዝብ ነን። ጀንዲው፣ ስልቻው፣ አቁማዳው፣ የብራና መጽሐፍ ድጉሡ ሁሉ ቆዳ ነው። ይህ የአያቶቻችን ቆዳ ግን ልባስ የለውም። ቀለሙ በውስጡ ነው፤ ቅባት ቢቀባ ይጠጣል፤ ይለሰልሳል። ዛሬ ባለመኪናው የወንበሩን ቆዳ «ደርቋል» ብሎ ዘይት፣ ግሊሰሪን፣ አንዳንዴም ቫዝሊን የሚቀባው ያንን ዕውቀት ይዞ ነው። ዕውቀቱ ሐሰት አይደለም፤ የተነገረው ግን ለሌላ ቆዳ ነው። በመኪናው ወንበር ላይ ልባሱ ቅባቱን ያግደዋል። ቅባቱም ከላይ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል፤ ልባሱ በተሰነጠቀበት በኩል የገባው ደግሞ ቆዳውን አጥቁሮ፣ በኋላ የሚቀባውን ቀለም እንዳይይዝ ያደርገዋል።

ልባሱ ለምን ያልቃል? መታከክ የመጀመሪያው ምክንያት ነው። የጂንስ ሱሪ ሪቬት፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የኪስ ቁልፍ በየዕለቱ በአንድ ስፍራ ላይ ይፈገፈጋል። በበጋ የሚነሣው የአዲስ አበባ አቧራ በልብስና በወንበር መካከል ሲገባ ሥራው የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። ላብና የሰውነት ቅባት ሁለተኛው ነው። ጠጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ ሰዎች የሚጓዙበት መኪና የራስ መደገፊያው ቀለም ሳይታከክ እንኳ ሲለሰልስና ሲጣበቅ ይታያል፤ ቅባቱ ልባሱን ስለሚያላላው ነው። ፀሐይ ሦስተኛው ነው። ከባሕር ወለል በላይ በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር ከመቶ ዐሥር እጅ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ በጠፍጣፋ ስፍራ ለሚኖር ሰው የተጻፈ የእንክብካቤ መመሪያ ለእኛ ወንበር በቂ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚቆም መኪና የኋላ ወንበር አናት፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ ሲገረጣና ሲሰነጣጠቅ የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ የተለመዱ መድኃኒቶች ልመለስ።

የጫማ ቀለም ሰም፣ ማሟሚያና ማቅለሚያ ነው። ለጫማ መልካም ነው፤ በጫማ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለምና። ሰሙ ደርቆ ጠንካራ ሽፋን አይሆንም። በሰውነት ሙቀት ይለሰልሳል፤ ማቅለሚያውንም ይዞ ወደ ልብስ ይሻገራል። ለበዓል ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሳ ከወንበሩ ላይ የተነሣች ሴት ጀርባ ላይ የታተመውን ጥቁር ክብ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይሻም። ከዚህም የከፋው ሰሙ ወደ ስንጥቁ ከገባ በኋላ ማውጣቱ ነው። ወንበሩ ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ በግማሽ ቀን ያልቅ የነበረው ሥራ፣ የጫማ ቀለም ከተቀባ ሁለት ቀን ይወስዳል።

ሁለተኛው መድኃኒት፣ ማለት ቆዳውን ገሽልጦ ስንቴቲክ ማልበስ፣ ቆዳው በእውነት ከተቀደደ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ቀለም ስለ ገረጣ ብቻ ሲደረግ ግን ቆዳ ተወደደ ብሎ በሬውን ያረደውን ሰው ያስታውሰናል። ጤነኛውን ቆዳ ጥሎ፣ በሙቀት የሚያልብ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚላላጥ ጨርቅ ማልበስ ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስበው አደጋ አለ። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የፊት ወንበር ጎን ውስጥ የአየር ከረጢት ተቀብሯል። መኪናው ከጎን ሲመታ ከረጢቱ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ የወንበሩን ልብስ ቀድዶ መውጣት አለበት። ፋብሪካው በዚያ በኩል ያለውን ስፌት የሰፋው በተለየ ክር ነው፤ በተወሰነ ኃይል እንዲበጠስ ታስቦ የተሠራ ነው። እኛ ይህንን ፈትተን «ጠንክሮ ይቆይ» ብለን በድርብ ናይለን ክር የሰፋነው እንደ ሆነ፣ ወይም ከላይ ሌላ ልብስ የደረብንበት እንደ ሆነ፣ ከረጢቱ በጊዜው ላይወጣ ወይም አቅጣጫውን ስቶ ሊወጣ ይችላል። ሰፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ጠንካራ ስፌት መስፋቱም ከሙያ ክብር ነው። ነገር ግን በዚያች አንዲት ስፌት ላይ ጥንካሬ ጉዳት ነው። በወንበሩ ጎን ላይ የአየር ከረጢት ምልክት ካያችሁ ስፌቱን አትንኩ፤ በመሙያ አትድፈኑ፤ በወፍራም ቀለም አታጣብቁ። ልብሱን ሳይፈቱ በስፍራው እንዳለ ቀለሙን መጠገን ከሌላው ሁሉ የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያት ለእኔ ይህ ነው።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ቀለም ከመነካቱ በፊት በእጃችን ያለው ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። «የቆዳ ወንበር» ተብሎ በተሸጠ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ቆዳ የሆነው የምንቀመጥበትና የምንደገፍበት ፊት ብቻ ነው፤ ጎኑና ጀርባው ቪኒል ነው። ሁለቱ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ቪኒሉ በጀርባው ጨርቅ አለው፤ ቆዳው በጀርባው እንደ ቬሉር የሻከረ ክር አለው። ቪኒል ቆዳ ነው ተብሎ ሲቀባ በውስጡ ያለው ማለስለሻ ቀስ እያለ ወጥቶ ቀለሙን ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ ለእርሱ የሚሆነውን ቀለም መምረጥ ያስፈልጋል። ቆዳው ራሱ ልባስ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን ለማወቅ ደግሞ በማይታይ ስፍራ አንድ ጠብታ ውሃ ማኖር ይበቃል። ውሃው ኳስ ሆኖ ከቆመ ልባስ አለ። ሰርጎ ቆዳውን ካጠቆረ፣ ወይ ልባሱ አልቋል፣ ወይም ቆዳው አኒሊን የሚባለው ከመጀመሪያው ልባስ የሌለው ዓይነት ነው። የአኒሊን ቆዳ በውድ መኪኖች ላይ አልፎ አልፎ ይገኛል። እርሱን በተራው ቀለም የቀባ ሰው የቆዳውን ተፈጥሮ ቀብሮታልና፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ካልፈቀደ አይነካ። በጣም በቆዩ መኪኖች ላይ ልባሱ የሴሉሎስ ላከር ሊሆን ይችላል። በጥጥ ላይ ያለ ጥቂት አሴቶን በማይታይ ስፍራ ሲነካው ወዲያው ይሟሟል፤ የዘመኑ ፖሊዩሬቴን ግን ይቋቋማል።

ጽዳቱ ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ክፍል ነው፤ መሆንም አለበት። የመኪና ቀለም የሚቀቡ ጓደኞቻችን ይህንን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የለፋ ቆዳ በባሕርዩ ወደ አሲድ ያዘነበለ ነው፤ ፒኤቹ ከ3.5 እስከ 4.5 አካባቢ ነው። የዱቄት ሳሙና በውሃ ሲበጠበጥ ግን እስከ 10 ይደርሳል። ስለዚህ የዱቄት ሳሙና እድፉን እንደሚያነሣ ሁሉ ቆዳውንም ይጎዳል፤ በረኪናማ ከናካቴው ወደ ወንበር መቅረብ የለበትም። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የሕፃናት ሻምፖ፣ ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ጨርቁ ይጨመቅ፤ ወንበሩ አይዘፈቅ። ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ሰው መቀመጡን የሚያውቅ መሣሪያ፣ በአንዳንዱም ማሞቂያ ሽቦ አለ።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ቅባቱን ለማንሣት በአልኮል የረጠበ ጨርቅ ይታሽበታል። ለዚህ አይሶፕሮፒል አልኮል ከእኩል ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ያገለግላል። ቤንዚንና ቲነር ቆዳው ውስጥ ያለውን ቅባት ጭምር ስለሚያወጡ መልካም አይደሉም። በዚህ ደረጃ የሁላችን ጠላት ሲሊኮን ነው። ላቫጆዎች ዳሽቦርዱን ለማብለጭለጭ የሚረጩት ብዙው ፈሳሽ ሲሊኮን አለበት። ወንበሩም ላይ ይደርሳል፤ አንዳንዴ ሆን ተብሎም ይረጭበታል። ሲሊኮን ባለበት ላይ ቀለም ሲያርፍ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። ቀቢዎች «የዓሣ ዐይን» የሚሉት ይህ ነው። አልኮሉ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው በአዲስ ጨርቅ መታሸት ያለበት ስለዚህ ነው። በአሮጌው ጨርቅ ማሸት ሲሊኮኑን ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ማመላለስ ነው።

ቀጥሎ ያለቀው ስፍራ በ600 ወይም በ800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይፈገፈጋል። ዓላማው ቆዳውን መላጥ አይደለም፤ የተገፈፈውን የልባስ ጠርዝ ከቀረው ጋር ማስተካከል ነው። ጠርዙ ካልተስተካከለ ስንት ቀለም ቢቀባ ድንበሩ እንደ ካርታ ይታያል። ጥቃቅን ስንጥቅ ካለ ለቆዳ የተሠራ የሚለጠጥ መሙያ በስሱ፣ ደጋግሞ ይሞላል። ለላሜራ የምንጠቀምበት ስቱኮ ፈጽሞ አይሆንም። ወንበር ይታጠፋል፤ ስቱኮ አይታጠፍም። ስንጥቁ ከፊቱ አልፎ ክሮቹን የበጠሰ ከሆነ ደግሞ የቀለም ጥገና ወሰን እዚያ ላይ ያበቃል። በዚያን ጊዜ ያ አንዱ ቁራጭ ተለይቶ ከስፌት ወደ ስፌት ይቀየር፤ መላው ወንበር አይገሽለጥ።

ስለ ቀለም ማመሳሰል ብዙ መናገር ይቻላል፤ እኔም ብዙ መናገር እወዳለሁ፤ ነገር ግን ጊዜው አይፈቅድልኝም። ዋናዎቹን ብቻ ላንሣ። በእጅ ሊኖሩ የሚገቡት ነጭ፣ ጥቁር፣ የብረት ኦክሳይድ ቀይና ቢጫ ናቸው። የመኪኖቻችን አብዛኛው ክሬም፣ ግራጫና ቡናማ ወንበር ከእነዚህ ከአራቱ ይወጣል። ክሬም ማለት ነጭ፣ ጥቂት ቢጫ፣ ከዚያ በእንጨት ጫፍ የምትነካ ጥቁርና ቀይ ነው። ጥቁሩን አስቀድሞ የጨመረ ሰው ባልዲ ሙሉ ነጭ ይጨርሳል። በውሃ የሚሠራው ቀለም እርጥብ ሳለ ወተት መሳይ ነጣ ይላል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቂት ቀብቶ፣ በጠጉር ማድረቂያ አድርቆ፣ ከዚያ መፍረድ ነው። የሚፈረደውም በቀን ብርሃን ነው። በጋራዥ አምፑል ሥር አንድ የመሰሉ ሁለት ቀለሞች ከደጅ ሲወጡ ተለያይተው የሚታዩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የተሠሩበት ፒግመንት ስለሚለያይ ነው። ደግሞም የፋብሪካውን የቀለም ቁጥር ፈልጎ ማግኘት ሁልጊዜ አይረዳም። ቁጥሩ የሚነግረን ወንበሩ አዲስ ሳለ የነበረውን ነው። እኛ የምናመሳስለው ዐሥራ አምስት ዓመት ፀሐይ ከበላው ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር ነው። በወንበሩ ሥር ፀሐይ ያላየው ስፍራ የቀድሞውን ያሳየናል፤ ጥገናው ግን በሁለቱ መካከል፣ ወደ ጎረቤቱ አድልቶ መሆን አለበት።

ቀለሙ የሚቀባው በስፖንጅ ነው። የመጀመሪያው እጅግ ስስ ሆኖ ወደ ቆዳው ይታሻል፤ በሥሩ ያለው ቆዳ እየታየ ይቀራል፤ ይህ ማንንም አያስደንግጥ። ከደረቀ በኋላ ሁለተኛው በነካ ነካ ይደረባል፤ ከዚያ ሦስተኛው። ሦስት ስስ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። ወፍራሙ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ስለሚቀር በመጀመሪያው መታጠፍ ይሰነጠቃል። የመጨረሻው በመርጫ ቢረጭ የስፖንጁን አሻራ ያጠፋዋል። ሥራው ስፌት ላይ ይቁም። በስፌት መካከል የሚቆም ቀለም ይታያል፤ በስፌት ላይ የሚቆም አይታይም። ክሩ የተለየ ቀለም ያለው ከሆነ በጥንቃቄ ይሸፈን። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቆዳ ላይ ስፖንጁ ደረቅ ሊባል ጥቂት እስኪቀረው ይጨመቅ፤ አለዚያ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ወንበሩም መተንፈሱ ይቀራል።

በላይ ሽፋኑ ላይ ሁለት ነገር ላሳስብ። የመጀመሪያው ብልጭታ ነው። የመኪና ቆዳ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብዘዝ ያለ ነው። ብዙው ባለመኪና «እንዲያበራ አድርግልኝ» ይላል፤ ሲያበራ ግን የተጠገነው ስፍራ ከሩቅ ይናገራል። በዚህ ረገድ ባለሙያው ደንበኛውን እንዲያሳምን እንጂ እንዲታዘዝ አልመክርም።

ሁለተኛው ከባድ ነው። የላይ ሽፋኑ መታከክን እንዲችል ማጠንከሪያ ይጨመርበታል። ከማጠንከሪያዎቹ አንዳንዱ አይሶሳያኔት አለበት። አይሶሳያኔት በትንፋሽ ሲገባ በሠራተኛው ላይ አስም ያመጣል፤ አንድ ጊዜ ሰውነቱ ከተቆጣ በኋላ ጥቂቱ እንኳ ሳንባውን ይዘጋዋል፤ ከሙያውም ያስወጣዋል። ይህ የመኪና ቀለም በሚረጩ ሠራተኞች ላይ ከጥንት የታወቀ ነው። የጨርቅ ማስክ ይህንን አያግድም። በተዘጋ መኪና ውስጥ ሆኖ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ የሚረጭ ወጣት የሚተነፍሰው መርዝ ነው። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ ይህንን ዓይነቱን መርጨት የለበትም። አይሶሳያኔት የሌለበትን መርጦ፣ በሮቹን ከፍቶ፣ በስፖንጅ ይቀባ። ሽፋኑ ዕድሜው ጥቂት ቢያጥር፣ የልጁ ሳንባ ይብሳል።

መኪናው መቼ ለባለቤቱ ይመለስ? ቀለሙ በደቂቃዎች ውስጥ ለእጅ ይደርቃል፤ ሙሉ ጥንካሬውን እስኪይዝ ግን ቀናት ይፈጃል። በክረምት ወራት፣ አየሩ ርጥበት በተሞላበት ጊዜ፣ ይህ ይረዝማል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ለሳምንት ያህልም እንዳይታጠብ መንገር ይገባል። ከማስረከብ በፊት ነጭ የአቡጀዲ ቁራጭ በውሃ አርጥቦ የተቀባውን ስፍራ ዐሥር ጊዜ ማሸት ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች ይህንኑ ምርመራ በማሽን፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር 11640 መሠረት ያደርጉታል፤ ለእኛ እጅና አቡጀዲ ይበቃል። አቡጀዲው ነጭ ሆኖ ከቀረ መኪናው ይውጣ።

ከዚያ በኋላ እንክብካቤው የባለቤቱ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ በለብ ውሃ መጥረግ፣ ፀሐይ ላይ ሲቆም መስተዋቱን መሸፈን፣ ጠርዙ ገና ደብዘዝ ሲል ወደ ባለሙያ መምጣት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለወንበርም ይሠራል። የላይ ሽፋኑ ብቻ ሳለ የመጣ ሥራ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቆዳው ከታየ በኋላ የመጣው አንድ ቀን ነው፤ ክሩ ከተበጠሰ በኋላ የመጣው የሰፊው ሥራ ነው።

በመጨረሻ፣ ደስ የማይል ቢሆንም መነሣት ያለበት ጉዳይ አለ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አያምንም፤ ደግም ያደርጋል። የሚያምነው የነጂውን ወንበር ጠርዝ፣ የመሪውን እጀታና የፍሬኑን ፔዳል ነው። ስለዚህ ጥሩ የወንበር ጠጋኝ ሳያስበው የሐሰት ምስክር ሊሆን ይችላል። «ለገበያ ነው፣ አዲስ አስመስለህ አውጣልኝ» የሚል ደላላ ወደ ሁላችንም ይመጣል። ሥራውን እንከልክል ማለቴ አይደለም፤ የወንበር ማደስ ወንጀል አይደለም፤ ሻጭም ንብረቱን የማሳመር መብት አለው። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ማኅበራችን የጋራ ደረሰኝ ቅጽ እንዲያዘጋጅ ነው። በደረሰኙ ላይ የተጠገነው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ፣ ቀኑና የተሠራበት የቀለም ዓይነት ይጻፍ። ሁለተኛው ቅጂ በወንበሩ ሥር ይለጠፍ። ቀጣዩ ገዢ ጎንበስ ካለ ያገኘዋል፤ ቀጣዩ ባለሙያም በምን ላይ እንደሚቀባ ያውቃል። ለእርሱ ይህ ከሁሉም በላይ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም ከሥሩ ያለውን ሳያውቅ የሚቀባ ሰው ውሃ ጠብታና አሴቶን ይዞ ከመጀመሪያው መጀመር አለበት። ጉባኤው ይህንን ሐሳብ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት እንዲያየው በትሕትና እጠይቃለሁ።

በጠረጴዛው ላይ ሦስት ቁራጭ የወንበር ቆዳዎች አስቀምጫለሁ። አንደኛው የጫማ ቀለም የተቀባ፣ ሁለተኛው ሲሊኮኑ ሳይነሣለት ቀለም የተቀባ፣ ሦስተኛው አሁን በተናገርሁት መንገድ የተሠራ ነው። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አልጻፍሁባቸውም። አቡጀዲና አንድ ሳህን ውሃ ከጎናቸው አለ፤ በዕረፍቱ ጊዜ ራሳችሁ አሽታችሁ ተመልከቱአቸው። ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።